ለንደን ያላየችው ኮከብ

እንግዲህ ስሙኝ። ታሪኩ ረጅም ነው፤ ሰማይና ምድርን ያዳርሳል።

በለንደን ከተማ የአንድ ባለጸጋ ሳሙና ሠሪ ልጅ ነበር፤ ስሙ ኤድመንድ ሃሌይ። ኋላ ጅራታሙ ኮከብ በስሙ የተጠራለት ሃሌይ እሱ ነው። ገና የሃያ ዓመት ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1676፣ የኦክስፎርድ ትምህርቱን አቋርጦ በምሥራቅ ህንድ ኩባንያ መርከብ ተሳፈረና ወደ ደቡብ ወረደ። መድረሻው በአትላንቲክ ውቅያኖስ መካከል ብቻዋን የቆመችው ሴንት ሄለና ደሴት ነበረች። የአውሮፓ ሊቃውንት የሰሜኑን ሰማይ ቆጥረው መዝግበዋል፤ የደቡቡ ግን በቅጡ አልተለካም። ወጣቱ የተነሣው ያንን ሊለካ ነው።

ደሴቲቱ በደመና አስቸገረችው። ሌሊቱን ሙሉ ጠብቆ አንድ ኮከብ ሳያይ የሚነጋበት ጊዜ ብዙ ነበር። ቢሆንም የ341 ከዋክብትን ቦታ ለክቶ ተመለሰ፤ ማውጫውም በ1679 ታተመ። ከእነዚያ ከዋክብት አንዲቱን በ1677 ሲያያት ብርሃኗን አራተኛ ደረጃ ብሎ ጻፈላት። አራተኛ ደረጃ የምትባለው በጨለማ ሌሊት ዓይን ፈልጎ የሚያገኛት፣ ግን ማንም ቆም ብሎ የማይደነቅባት ኮከብ ናት። ዛሬ ኤታ ካሪኔ ትባላለች። ያቺን አንዲት ቁጥር ያዙልኝ፤ ከ160 ዓመት በኋላ ዋጋዋ ይታያል።

ሃሌይ በ1682 ሚስት አገባና ኢዝሊንግተን ቤት ያዘ። በስሙ የሚጠራውን ጅራታም ኮከብም በዚያው ዓመት የተመለከተው ከኢዝሊንግተን ሆኖ ነው። ኢዝሊንግተን ማለት ካሌዶኒያን ሮድ ያለበት ወረዳ ነው። የሐበሻ ምግብ ቤት ፈልጋችሁ ከኪንግስ ክሮስ ባቡር ጣቢያ ተነሥታችሁ ወደ ሰሜን የምትወጡበት፣ የሰፈሩ ሰው ‹ካሊ› እያለ የሚጠራው ረጅም ጎዳና። በሃሌይ ዘመን መንገዱ አልነበረም፤ አገሩ መስክ ነበር። መንገዱን በ1826 አንድ የግል ኩባንያ ቀደደው። ስሙን ያገኘው ደግሞ ለስኮትላንድ ልጆች እዚያ ከተሠራው የካሌዶኒያን ማሳደጊያ ነው።

አሁን ወደ ኮከቧ እንመለስ።

በ1834 ሌላ እንግሊዛዊ ሊቅ ቤተሰቡንና ትልቅ ቴሌስኮፑን ጭኖ ደቡብ አፍሪካ፣ ኬፕ ታውን ደረሰ። ጆን ኸርሼል ነው፤ የለንደኑን የሥነ ፈለክ ማኅበር በ1820 ከመሠረቱት አንዱ። ኸርሼል የደቡቡን ሰማይ ዓመት ከዓመት ሲያስስ ኖሮ ኤታ ካሪኔን እንደ ደጁ ያውቃት ነበር። ታኅሣሥ 16 ቀን 1837 (እ.ኤ.አ.) ሌሊት ቀና ሲል ያቺ የሚያውቃት ኮከብ ደምቃ አገኛት። ዓይኑን ተጠራጠረ፤ ካርታውን አመሳከረ። ቦታዋ ያው ነው፣ ብርሃኗ ግን ሃሌይ አራተኛ ደረጃ ብሎ የጻፈው አይደለም። በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከሰማይ ታላላቅ ከዋክብት ተርታ ገባች። ከዚያ ጥቂት ቀዝቀዝ አለች፤ እሱም በ1838 ዕቃውን ጭኖ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ዋናው ነገር የመጣው እሱ ከሄደ በኋላ ነው። በመጋቢት ወር 1843 (እ.ኤ.አ.) ኤታ ካሪኔ ካኖፐስን አልፋ ከሲሪየስ ቀጥላ በሌሊት ሰማይ ላይ ሁለተኛዋ ደማቅ ኮከብ ሆነች። ሲሪየስ ከእኛ ዘጠኝ የብርሃን ዓመት እንኳ አይርቅም። ኤታ ካሪኔ ያለችው ግን 7,500 የብርሃን ዓመት ወዲያ ነው። ያን ያህል ርቃ ከሲሪየስ ጋር መፎካከሯ ምን ዓይነት እሳት እንደነደደ ይነግራችኋል። የሥነ ፈለክ ሰዎች ታላቁ ግንፈላ ይሉታል።

ለንደን ይህን ሁሉ አላየችም። ኮከቧ እጅግ ደቡባዊ ስለሆነች በለንደን ሰማይ ከቶ አትወጣም፤ ሌሊቱ ቢጠራም፣ ኮረብታ ላይ ቢወጡም አትታይም። በካሌዶኒያን ሮድ በኩል የዚያ ሰሞን ወሬ አዲሱ የፔንተንቪል ወህኒ ቤት ነበር። በ1842 ተከፍቶ የመጀመሪያዎቹን እስረኞች ተቀብሏል። ሥርዐቱ እስረኛን ለብቻ መነጠል ነበር፤ እያንዳንዱ በየክፍሉ ይዘጋበታል፣ ለመንሸራሸር ሲወጣም ከሌላው ጋር እንዳይተዋወቅ ፊቱ ይሸፈናል። ያ ሥርዐት ስንቱን አእምሮውን እንዳሳጣው ኋላ ታወቀ። ወህኒ ቤቱ ዛሬም በዚያው ጎዳና ላይ ቆሟል።

የእኛ አገር ግን አይታለች። ሸዋን አስቡ። ንጉሥ ሣህለ ሥላሴ ዙፋናቸው ላይ አሉ፤ በካፒቴን ሃሪስ የሚመራው የእንግሊዝ የመልእክተኞች ቡድን እ.ኤ.አ. በ1841 መጥቶ ውል ተዋውሏል። መጋቢት 1835 ዓ.ም. ነው፣ ዐቢይ ጾም ተይዟል። ጾሙ በገባበት ሰኞ፣ እ.ኤ.አ. የካቲት 27 ቀን 1843፣ አንድ ታላቅ ጅራታም ኮከብ ፀሐይን ታክኮ አለፈ፤ በማግሥቱ በጠራራ ፀሐይ ታየ፤ ከዚያም ጅራቱን በምሽቱ ሰማይ ላይ ዘረጋ። በዚያው ወር በአንኮበር ሰማይ በስተደቡብ፣ ከአድማስ ሃያ ዲግሪ ያህል ከፍ ብላ፣ ኤታ ካሪኔ ትነድዳለች። ከቅዳሴ የሚመለስ ካህን፣ ከብቱን ዘግቶ ደጅ የቆመ ገበሬ፣ ወደ ደቡብ ፊቱን ካዞረ ሁለቱንም በአንድ ሰሞን ያያል። እንዲህ ያለ መጋቢት ከዚያ ወዲህ አልመጣም።

ዘመኑ ሄደ። እ.ኤ.አ. በ1852 የኪንግስ ክሮስ ጣቢያ ተከፈተ። በየካቲት 1847 ዓ.ም. ደረስጌ ማርያም ላይ ቴዎድሮስ ነገሡ። በዚያው ዓመት ሰኔ ላይ በካሌዶኒያን ሮድ አጠገብ ትልቁ የለንደን የከብት ገበያ ተመረቀ፤ የሰዓት ማማው እስካሁን በካሌዶኒያን ፓርክ ቆሞ ይታያል። ኮከቧ ያን ሁሉ ጊዜ ከፍ ዝቅ እያለች ትበራለች። እ.ኤ.አ. በ1858 ገደማ መውደቅ ጀመረች፤ ጥቂት ቆይታም ያለ ቴሌስኮፕ ከማትታይበት ደረጃ ደረሰች። ሃያ ዓመት ያህል ነድዳ ጠፋች ማለት ነው።

ግን አልሞተችም። እንቆቅልሹ እዚህ ላይ ነው። ከባድ ኮከብ ሲሞት ሱፐርኖቫ ሆኖ ይፈነዳል፤ ከፈነዳ በኋላ የነበረው ኮከብ አይኖርም። ኤታ ካሪኔ ወደ ሱፐርኖቫ የሚጠጋ ጉልበት አፍስሳ በሕይወት ተረፈች። በ1940ዎቹ አርጀንቲናዊው ኤንሪኬ ጋቪዮላ ፎቶ ሲያነሣት ትንሽ ሰው የመሰለ ደመና ከብቧት አየና ሆመንኩለስ አለው። ኋላ በሃብል ቴሌስኮፕ ጠርቶ ሲታይ፣ ወገቡ ላይ የተያያዙ ሁለት ግዙፍ የጋዝና የአቧራ አረፋዎች ሆነው ተገኙ። በሰከንድ 650 ኪሎ ሜትር ያህል እየተስፋፉ ነው። ፍጥነታቸውን ይዛችሁ ወደ ኋላ ብታሰሉ የተነሡበት ዘመን 1840ዎቹ ላይ ያርፋል። በውስጣቸው ያለው ቁስ በትንሹ አሥር ፀሐዮችን ይወጣዋል። ኮከቧም የጠፋች የመሰለችው ራሷ በተፋችው አቧራ ስለተሸፈነች ነው።

ታዲያ አሥር ፀሐይ የሚያህል ቁስ ተፍቶ የሚተርፈው ምን ዓይነት ኮከብ ነው? ምንስ አስተፋው?

ለብዙ ዘመን የተሰጠው መልስ ኮከቧ በራሷ ብርሃን ተሸነፈች የሚል ነበር። ኤታ ካሪኔ ከፀሐይ መቶ ጊዜ ገደማ ትከብዳለች፤ ብርሃኗ ግን ከአራት ሚሊዮን ፀሐዮች ይበልጣል። ብርሃን ደግሞ ይገፋል። ግፊቱ ከስበቱ ሲበልጥ የላይኛው ጋዝ እንደ ነፋስ ይነፍሳል። መልሱ ስሕተት አይደለም፤ እንዲህ ያለ ነፋስ አለ። ነገር ግን ያን ሁሉ ቁስ በሃያ ዓመት ውስጥ ለመጣል ጉልበቱ ከየት እንደመጣ፣ ለምንስ በዚያ ዘመን እንደጀመረ አይነግረንም። እኔ መልሱን ያገኙት ኮከቧን ለብቻዋ ማየት የተዉት ሰዎች ናቸው እላለሁ።

በ1996 ብራዚላዊው አውጉስቶ ዳሚኔሊ የኤታ ካሪኔ ብርሃን በየ5 ዓመት ተኩሉ የሚደጋገም ለውጥ እንዳለው አሳየ። እንዲህ ያለ ሥርዐት የሚመጣው ከጓደኛ ነው። ኮከቧ ሁለት ናት! ትንሿ፣ እሷም ብትሆን ሠላሳ ፀሐይ ያህል የምትከብድ፣ እጅግ በረዘመ ሞላላ ምሕዋር ትልቋን ትዞራለች፤ በየ5 ዓመት ተኩሉ ቀርባ ልትነካት ትደርስና ተመልሳ ትርቃለች።

ከዚያ በ2012 ሁግ ሳና የተባለ ሊቅ ከባልደረቦቹ ጋር ከባዶቹን ከዋክብት አንድ በአንድ መረመረ። ከባድ ኮከብ ለብቻው መኖሩ ብርቅ ሆኖ ተገኘ። ከመቶ ሰባ የሚሆኑት በዕድሜያቸው ከጓደኛቸው ጋር ቁስ ይሰጣጣሉ ወይም ይቀማማሉ፤ ሩብ የሚጠጉት ደግሞ ጭራሽ ከጓደኛቸው ጋር ተዋሕደው አንድ ይሆናሉ። ይህን ቁጥር ስሙልኝ። ከአራት ከባድ ከዋክብት አንዱ ዕጣው መዋሐድ ነው።

መዋሐዱ እንዴት ይሆናል? ጥንዶቹ ተቀራርበው ሲዞሩ ከባዱ ቀድሞ ያረጃል፤ ሲያረጅ ያብጣል። ያበጠው ጋዝ ከስበቱ ድንበር አልፎ ወደ ጓደኛው ይፈሳል። ፍሰቱ ልክ ሲያጣ ጋዙ ሁለቱንም ይውጣቸዋል፤ ሁለት የከዋክብት እምብርቶች በአንድ የጋዝ ባሕር ውስጥ ይዞራሉ። ጋዙ ይጎትታቸዋል፣ ፍጥነታቸውን ይቀማቸዋል። በእንዝርት ላይ እንደሚጠመጠም ክር ዙሩ እየጠበበ፣ እየጠበበ ይሄዳል። የተቀማው ጉልበት የትም አይጠፋም፤ ሙቀት ይሆንና ጋዙን ወደ ውጭ ይገፋዋል። በመጨረሻዎቹ ዙሮች እምብርት ከእምብርት ሲገናኝ በሚሊዮን ዓመታት ዙረት ውስጥ ተይዞ የኖረው ጉልበት በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ሰማይ ላይ አዲስ ኮከብ የበራ የሚመስለው ያን ጊዜ ነው።

ይህ የሐሳብ ሥዕል ብቻ እንዳይመስላችሁ። በመስከረም 2008 (እ.ኤ.አ.) በዐቅራብ ኅብረ ከዋክብት ውስጥ አንዲት ደብዛዛ ኮከብ ድንገት አሥር ሺህ ጊዜ ያህል ደመቀች፤ ቪ1309 ስኮርፒ ትባላለች። የፖላንድ ሊቃውንት በቺሊ በተከሉት ቴሌስኮፕ ያንን የሰማይ ክፍል ለሌላ ሥራ ሲሉ ለዓመታት ፎቶ ሲያነሱት ኖረዋል። ሮሙዋልድ ቲለንዳ በ2011 የድሮውን ፎቶ ከፍቶ ሲያይ ከመድመቋ በፊት ሁለት ከዋክብት ሆና አገኛት። በ1.4 ቀን አንድ ዙር ይዞሩ ነበር፤ የዙሩ ጊዜም ከዓመት ዓመት ያጥራል፣ ማጠሩም ይፋጠናል። ከግንፈላው በኋላ ጥንዱ የለም፤ የቀረው አንድ ነው። የሁለት ከዋክብት መዋሐድ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው በሰው ዓይን ሥር ሲፈጸም የተመዘገበው ያን ጊዜ ነው። እነዚህ ከፀሐያችን ብዙ የማይበልጡ ከዋክብት ናቸው። መቶ ፀሐይ የሚያህሉት ሲዋሐዱስ?

እዚህ ላይ ነው ታሪኩ ወደ 1843 ተመልሶ የሚሄደው፤ በእውነት የሚመለስ መንገድ አለውና። የታላቁ ግንፈላ ብርሃን በየአቅጣጫው ነው የተበተነው። ቀጥታ ወደ እኛ የመጣው በ1840ዎቹ ደርሶ አለፈ። በጎን የሄደው ግን ሩቅ የአቧራ ደመናዎችን መታ፤ ከእነሱ ነጥሮ ረጅሙን መንገድ ዞሮ ወደ እኛ መጣ። የገደል ማሚቶ የድምፅ እንደሆነ ይህም የብርሃን ማሚቶ ይባላል። ወደ 170 ዓመት ዘግይቶ ደረሰ። በ2012 አርሚን ረስትና ባልደረቦቹ ቺሊ ካለው ቴሌስኮፕ ያገኙትን ይህን ብርሃን ይፋ አደረጉ። ኸርሼል የነበረው ዓይኑና ማስታወሻው ነው፤ እነዚህ ግን ያንኑ ብርሃን በዘመናችን መሣሪያ በየቀለሙ ዘርዝረው አነበቡት።

በ2018 ናታን ስሚዝ ከረስት ጋር ሆኖ ከማሚቶው ውስጥ ያልተጠበቀ ነገር አወጣ። ከኮከቧ የተወረወረው ጋዝ ከፊሉ በሰከንድ ከ10,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይበርር ነበር። ከለንደን አዲስ አበባ ስምንት ሰዓት ያህል በአውሮፕላን ትቀመጣላችሁ፤ ያ ጋዝ አንድ ሰከንድ ሳይሞላው ይደርሳል። በኮከብ ነፋስ እንዲህ ያለ ፍጥነት አይገኝም፤ ፍንዳታ ይጠይቃል።

ስሚዝና ጓደኞቹ ያቀረቡት ታሪክ ይህ ነው። ኤታ ካሪኔ ስትወለድ ሦስት ነበሩ፤ ሁለቱ ተቀራርበው፣ ሦስተኛዋ ራቅ ብላ። ከቅርቦቹ ከባዷ አርጅታ አበጠችና ቁሷን ለጎረቤቷ አፈሰሰች። ተቀባይዋ እስከ መቶ ፀሐይ ከበደች፤ ሰጪዋ ላይኛ ጋዟን ሁሉ ጨርሳ እምብርቷ ብቻ ቀረ። ክብደቱ ከአንዷ ወደ ሌላዋ ሲዛወር ምሕዋራቸው ተናጋ። ሰጪዋ እየራቀች ሄዳ ከሦስተኛዋ ጋር ተጋፋች፤ ቦታ ተለዋወጡ። ሦስተኛዋ ወደ ውስጥ ተወረወረች፣ ወደዚያች መቶ ፀሐይ ወደምታህለው ግዙፍ ኮከብ። ዙሯ ጠበበ፣ ጋዙ ፈሰሰ፣ በመጨረሻም ገባችባት። ያ መገናኘት ነው ታላቁ ግንፈላ። ከሞት የተረፈችው ሰጪዋ ኮከብ ዛሬ በየ5 ዓመት ተኩሉ የምትመላለሰው ጓደኛ ናት።

ክርክሩ አላበቃም፤ በዚህ ሥዕል ላይ የሚያርሙ፣ የሚጨምሩ አሉ። ነገር ግን ጉልበቱን፣ ሁለቱን አረፋዎች፣ ፈጣኑን ጋዝና የጓደኛዋን እንግዳ ምሕዋር በአንድ ላይ የሚያስረዳ ከዚህ የተሻለ ታሪክ አላየሁም። እኔ የማምነው ይህን ነው።

ሌላም ምስክር አለ። በየካቲት 1987 (እ.ኤ.አ.) በታላቁ ማጄላን ደመና ውስጥ የፈነዳው ሱፐርኖቫ ሊቃውንቱን ሁለት ጊዜ ግራ አጋብቷል። የፈነዳው ኮከብ ሰማያዊ ሆኖ ተገኘ፣ ሲጠበቅ የነበረው ቀይ ነው፤ በዙሪያውም ሦስት የጋዝ ቀለበቶች ነበሩ። በ2007 ሞሪስና ፖድሲያድሎቭስኪ የተባሉ ሊቃውንት በኮምፒውተር አስልተው፣ ሁለት ከዋክብት ከፍንዳታው 20,000 ዓመት ያህል ቀደም ብለው ከተዋሐዱ ሰማያዊነቱም ሦስቱ ቀለበቶችም እንደሚገኙ አሳዩ።

የስሚዝና የረስት ጽሑፍ በ2018 የታተመው ኸርሼል ከመሠረቱት አንዱ በሆነበት በዚያው የለንደን ማኅበር መጽሔት ነው። ማኅበሩ ከ1874 ጀምሮ ፒካዲሊ፣ በርሊንግተን ሃውስ ውስጥ ነው። ከካሌዶኒያን ሮድ የምድር ባቡር ጣቢያ በፒካዲሊ መሥመር ብትሳፈሩ ሳትቀይሩ ደጁ አጠገብ ያወርዳችኋል። ሰማይ ወዳድ ልጅ ያላችሁ ውሰዱት፤ ሰፈራችሁ ነው።

አንድ ነገር ልጨምር። ለንደን ትልልቅ ሊቃውንት፣ ማኅበርና መጽሔት ነበራት፤ ይህን ኮከብ ለማየት ግን መርከብ መሳፈር ግድ ነበር። አገራችን ከምድር ወገብ ጥቂት ብቻ ወደ ሰሜን ስለምትገኝ የሰሜኑንም የደቡቡንም ሰማይ ታያለች። እንጦጦ ላይ ከባሕር ጠለል 3,200 ሜትር ከፍታ ሁለት ባለ አንድ ሜትር መስተዋት ቴሌስኮፖች አሉን። ኤታ ካሪኔን ለዘመናት መከታተል ለኢትዮጵያውያን ወጣቶች የሚገባ ሥራ ነው።

ኮከቧ ዛሬ አቧራዋ እየሳሳ እንደገና በዓይን ትታያለች። ሌላ ግንፈላ ልታመጣ ትችላለች፤ መጨረሻዋም ሱፐርኖቫ ነው። ስለዚህ ፋሲካን አገር ቤት የምታሳልፉ ሁሉ፣ በሚያዝያ ከምሽቱ ሦስት ሰዓት ገደማ ከከተማ መብራት ራቅ ብላችሁ ፊታችሁን ወደ ደቡብ አዙሩ። የደቡብ መስቀል የሚባሉትን አራት ከዋክብት በስተግራ ታገኛላችሁ፤ ከእነሱ ወደ ቀኝ ሂዱ፣ ፍኖተ ሐሊብ በደመቀበት ቦታ ላይ ናት። ልጆቻችሁን ይዛችሁ ውጡ። በአጠገቧ ካሉት ከዋክብት ጋር አስተያዩና ብርሃኗን ከነቀኑ ጽፋችሁ አስቀምጡ።